ስለ ርካሽ ዕቃ

ገንዘብ ያነሰው ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋጋው እንዲቀንስለት ነው። በዚህም የሚወቅሰው ሰው የለም። እንዲያውም ወላጅ ልጁን ለትምህርት ወደ ከተማ ሲሰድ ከሚሰጠው ምክር አንዱ «የጠሩልህን ዋጋ ዝም ብለህ አትክፈል፤ ተከራከር» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም ምክር ሁሉ ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያልነገሩት ሰው ምክሩን እንደያዘ ከወሰኑ ያልፋል። እኔም ካለፉት አንዱ ስለሆንሁ፥ ዛሬ የኪራይ ቤታቸውን በጥቂት ብር ለማሟላት ለሚጨነቁ ወጣቶች ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ድኻ ከድኻ በርካሽ መግዛት ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ እስከ የት ድረስ ነው?

በ1994 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። የገባሁበት ትምህርት ቤት ማደሪያ አልነበረውምና በሽሮ ሜዳ ከአንድ ግቢ ጓሮ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። አባቴ ሦስት በጎች ሸጠው ለቤት ዕቃ 350 ብር ሰጥተውኝ ነበር። ከዚህም ለፍራሽ 80፥ ለብርድ ልብስ 50፥ ለነጭ ጋዝ ምድጃ 35፥ ለድስት፥ ለሳሕንና ለኩባያ 25፥ ለጀሪካንና ለባልዲ 20 ብር አወጣሁ። አልጋ አልገዛሁም፤ ፍራሹን ሰሌን ላይ ዘረጋሁት። ድምሩ 210 ብር ሆነና በእጄ 140 ብር ቀረ። የቀረኝ ዋና ነገር የማነብበትና የምጽፍበት ጠረጴዛ ነበር።

በዚያው ሰፈር አንዲት እናት የባለቤታቸውን የጽሕፈት ጠረጴዛ እንደሚሸጡ ሰማሁና ሄድሁ። ጠረጴዛው ከዋንዛ የተሠራ፥ ሁለት መሳቢያ ያለው፥ አንድ እግሩ ጥቂት የሚነቃነቅ ነበር። አስቀድሜ አናጢ ቤት ጠይቄ፥ አዲሱ ከ200 ብር በላይ እንደሚያወጣ ዐውቄያለሁ። «እማማ፥ ስንት ይሉታል?» አልኋቸው። «120 ስጠኝ ልጄ፤ ለባለቤቴ መድኃኒት የምገዛው ዛሬ ነው» አሉኝ። ይህን የነገሩኝ እንደ ልጅ ቈጥረውኝ ነው። እኔ ግን ቃሉን እንደ ነጋዴ ሰማሁት። «ዛሬ» ያሏት ቃል ወደ ጆሮዬ ስትገባ፥ እኒህ ሴት እስከ ነገ መቈየት አይችሉም ማለት መሆኑን ወዲያው ተረዳሁ። «ከ70 ብር በቀር የለኝም» ብዬ ዋሸሁና ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመድሁ። ሦስተኛውን ሳልራመድ «ና፥ ውሰደው» አሉኝ።

በማግሥቱ በተረፈኝ 70 ብር አንድ መጋረጃ በ30፥ አንድ የግድግዳ ሰዓት በ40 ብር ገዛሁ። መስኮቴ የእንጨት መዝጊያ ስለ ነበራት መጋረጃ አያሻትም፤ ሰዓትም በእጄ ላይ ነበረኝ። ሁለቱን የገዛሁት በአንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ተሰቅለው ስላየሁ ነው። አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉትን የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ የሚያውቁትን መርሳት ቀላል ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመርምር። የተጠየቅሁትን 120 ብር ከፍዬ ቢሆን ኖሮ በእጄ 20 ብር ይቀር ነበር፤ ሰዓቱም መጋረጃውም አይገዙም ነበር። እኒያ እናት ያጡት 50 ብር ግን የትም አልጠፋም፤ በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከመጋረጃው ሁሉንም፥ ከሰዓቱም ግማሹን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው፤ የገዙልኝም በበሽተኛ ባላቸው መድኃኒት ነው። ይህን ነገር በዚያን ሰሞን አላሰብሁትም። ያሰብሁት ከወራት በኋላ፥ ሌሊት በዚያው ጠረጴዛ ተቀምጬ ስለ ፍርድና ስለ ርትዕ የሚናገር መጽሐፍ ሳነብ ነው። መጽሐፉን ባነሣ ጠረጴዛው ከታች አለ፤ ወደ ላይ ብመለከት ሰዓቱ አለ።

ምናልባት አንባቢዬ በዚህ ላይ ሦስት ነገር አንሥቶ ይከራከረኝ ይሆናል፤ እኔም ራሴን የተከራከርሁት በእነዚሁ ነበርና ልናገራቸው።

የመጀመሪያው ክርክር «ሁለቱም ወደው ተስማምተዋል፤ ማንም ማንንም አላስገደደም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኔ እጃቸውን አልያዝሁም። ነገር ግን ችግር ይዟቸው ነበር፤ እኔም በችግሩ እጅ ተጠቀምሁ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን አልዘነጋውም። በቁጥር 1710 እንደ ተደነገገው፥ ውል ለአንደኛው ወገን ከሌላው ይልቅ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን የተጐዳው ወገን እሺ ያለው ሌላው ችግሩን፥ የዋህነቱን፥ እርጅናውን ወይም ንግድ አለማወቁን መጠቀሚያ ስላደረገበት እንደሆነ፥ ርትዕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ «ተስማምተናል» የሚለው ቃል ብቻውን ነገሩን እንደማይዘጋው ሕግ ራሱ መስክሯል። እርግጥ ስለ 50 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። ትንሽ ገንዘብ ለዳኛ አይደርስም፤ ስለዚህ የትንሽ ገንዘብ ዳኛው ኅሊና ነው።

ሁለተኛው ክርክር «እኔም ድኻ ነኝ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የሌለው ሰው ከሌለው ላይ ሊሰጥ አይገደድም። ነገር ግን ድኽነት በሚዛን የሚታይ ነገር እንጂ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ ስም አይደለም። በዚያች ቀን በዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለት ድኾች እኩል አልነበርንም። እኔ ጠረጴዛውን ሳልገዛ ብመለስ አንድ ሳምንት ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ሳይሸጡ ቢያድሩ በሽተኛው ያለ መድኃኒት ያድራል። ጊዜ ያለው ጊዜ በሌለው ላይ ባለጸጋ ነው። ኪሱን ብቻ ቈጥሮ «ድኻ ነኝ» የሚል ሰው ግማሹን ሀብቱን ሳይቈጥር ቀርቷል።

ሦስተኛው ክርክር «እኔ ባልወስደው ሌላው ከዚያ ባነሰ ይወስደው ነበር» የሚል ነው። ይህስ ክርክር ለማንኛውም ክፋት ያገለግላል። ሌላው ሊያደርገው ስለሚችል የተሠራ በደል የሠሪውን ስም አይለውጥም። «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚባለውስ፥ ከእኔ በፊት የሰደደ ስላለ የእኔ እንጨት አያምም ማለት ነውን?

እንደዚህ ስል ዋጋ መከራከርን ሁሉ ኃጢአት ማድረጌ አይደለም። ርካሽነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥራና ከብልሃት የሚወለድ ርካሽነት ነው። መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለውን ስፍራ ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ይመለከታል። ሰው የጣለው ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ይሆናል፤ ያረጀ የመኪና ጎማ ተቈርጦ ጫማ ይሆናል። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ጣሳና ጠርሙስ እንደገና ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። እዚያ ዋጋው የሚቀንሰው ጥሬ ዕቃው ተጥሎ ስለተገኘ ነው። ሻጩም ነጋዴ ነው፤ መነሻውን ያውቃል፥ ካልተስማማው ይተወዋል፥ ነገም በዚያው ተራ ይውላል። ከእርሱ ጋር መከራከር እንደ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ደንቡን ያውቃሉ። ሁለተኛው ግን ከጭንቅ የሚወለድ ርካሽነት ነው። በዚህኛው ዋጋውን የሚያወርደው የዕቃው ጉድለት ሳይሆን የሻጩ ጉድለት ነው። ዛሬ ይህ ሽያጭ በጓሮ ብቻ ሳይሆን በቴሌግራምም ላይ ይታያል፤ «አስቸኳይ ሽያጭ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ብዙ ገዢ ያችን ቃል ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ሳያት ያች «ዛሬ» ያሏት ቃል ትመስለኛለች።

ከነዚህ ከሁለቱ የባሰ ሦስተኛም አለ፤ እርሱም ባለቤቱ ሳያውቅ የረከሰው ዕቃ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው የሰረቀውን ብቻ አይደለም፤ ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ጭምር ነው። «ማወቅ ሲገባው» የሚለውን ልብ እንበል። አዲስ የሚመስል ዕቃ በሩብ ዋጋው ሲቀርብለት «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው፥ መልሱን ስለሚያውቅ ነው ያልጠየቀው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ እውነት አለ። ዕቃ ያለ ምክንያት አይረክስም፤ እኛ ያልከፈልነውን ሌላ ሰው ከፍሎታል፤ ወይም ከቆሻሻ ያዳነው ብልሃት ከፍሎታል፥ ወይም የተቸገረው ሻጭ፥ ወይም የተሰረቀው ባለቤት። ዝነኛ የሆነው ቍጠባ እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1845 በማሳቹሴትስ በዋልደን ሐይቅ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ሠርቶ ገባ። ወጪውን እስከ ሳንቲሙ ጽፎታል፤ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው። በዚያው በካምብሪጅ ኮሌጅ የአንድ ተማሪ ክፍል የዓመት ኪራይ ብቻ 30 ዶላር እንደ ነበረም አነጻጽሮ አሳይቷል። በቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ አልጋ፥ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ መጻፊያ፥ ሦስት ወንበርና ጥቂት ማብሰያ ነበር። ይህን ሁሉ አንብበን እናደንቃለን። ነገር ግን ሳንቃውን ያገኘው በባቡር ሐዲድ ከሚሠራ አንድ የአየርላንድ ተወላጅ ነው፤ ጎጆውን በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ አፈረሰው። በማግሥቱ ማለዳም ሰውየው ከነቤተ ሰቡ ሀብቱን ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥቅል ይዞ ሲሄድ በመንገድ ላይ ተገናኝተዋል። ቶሮ ውሉን አክብሮ ከፍሏል፤ እኔም ልከስሰው አይደለም። ይህን ከራሱ መጽሐፍ የምናውቀው መሆኑም ያስመሰግነዋል። ብቻ የ28 ዶላሩን ቤት ስናደንቅ ያንን ጥቅል ይዘው የሄዱትን መርሳት አይገባንም።

ታዲያ ጥቂት ብር ያለው ተማሪ ምን ያድርግ? መልሱ ከዋጋው አይገኝም፤ ከፍላጎቱ ነው። ዲድሮ የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1769 ለአንባቢ ባቀረበው አጭር ድርሰት የደረሰበትን ይነግረናል። አንድ የሚያምር ቀይ የቤት ካባ አገኘ። ካባውን በለበሰ ጊዜ የገለባ ወንበሩ አስጠላውና በቈዳ ወንበር ለወጠው፤ ከዚያ ጠረጴዛው አስጠላው፥ ከዚያም የግድግዳው ሥዕል። በመጨረሻ የአሮጌው ካባው ጌታ የነበረው ሰው የአዲሱ ካባ ባሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 ማክራክን የተባለ የባህል ተመራማሪ ይህን ነገር በዲድሮ ስም ጠርቶታል። እኔም መጋረጃውን ስሰቅል ሰሌኑ አስጠልቶኝ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

በእኛ አገር የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ፥ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ እያደረ ቅኔና ዜማ፥ መጻሕፍትም ተምሯል። ይህን ያነሣሁት ድኽነትን ለማሞገስ አይደለም። ብርድና ረኃብ ብዙ ብሩህ አእምሮ ቀጥተዋል፤ ዛሬ ለሚማር ሰው ጠረጴዛና መብራት ቅንጦት አይደሉም። ያነሣሁት የቆሎ ተማሪ ጉድለቱን በግልጥ ለምኖ ይሞላ ስለ ነበረ ነው። የመንደሩ ሰው ዐውቆና ወድዶ ይሰጠዋል፤ እርሱም መለመኑን አይደብቅም። እኔ ግን 50 ብር ለምኜ ሳይሆን ገዢ መስዬ ወሰድሁ። ብለምናቸው ኖሮ ክብሬ ይቀንስ ነበር፤ በደሌ ግን አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ፍላጎቱን ያሳነሰ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያተርፈው፤ ትክክለኛውን ዋጋ ለመክፈል አቅም ያገኛል። ቍጠባ ምግባር የሚሆነው ለዚህ ነው። ራሱን ቈጥቦ ለሌላው ርትዕ የሚያደርግ ቈጣቢ ነው፤ ሌላውን ቈጥቦ ለራሱ መጋረጃ የሚሰቅል ግን ንፉግ ነው፤ ንፉግነቱም እጅግ የሚከፋው ዘወትር በድኽነት ስም ስለሚሸፈን ነው።

ከደረሰብኝ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፥ ከቤት ሳትወጣ የማይቀርልህን ዕቃ ጻፍ፤ መተኛ፥ ማብሰያ፥ የውኃ ዕቃ፥ መጻፊያ፥ መብራት። ከዚህ የቀረው ሁሉ እስኪያስፈልግህ ይቈይ። ሁለተኛ፥ ዋጋውን በሦስት ቦታ ጠይቀህ ዕወቅ፤ ዋጋ የማያውቅ ሰው ተበድሎም በድሎም አያውቀውም። ሦስተኛ፥ ከነጋዴ ጋር እንደ ልብህ ተከራከር፤ ከችግረኛ የምትገዛ ከሆነ ግን ተገቢውን ዋጋ ክፈል፥ አቅምህ ካልደረሰ እውነቱን ተናግረህ የሚበጀውን ራሱ ይምረጥ። «የለኝም» የምትለውም በእውነት በሌለህ ጊዜ ብቻ ይሁን። አራተኛ፥ ሁሉን ለብቻ ለመያዝ አትድከም። ዕድር ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ ለአባሉ ሁሉ በየተራው እንደሚያውስ፥ ሁለትና ሦስት ተማሪዎችም አንድ ምድጃና አንድ ትልቅ ድስት ይበቃቸዋል። አምስተኛ፥ ለታይታ አትበደር፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላልና።

የጠረጴዛውን ታሪክ ልፈጽም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ደመወዜን እንደ ተቀበልሁ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። እኒያ እናት በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጥቁር ለብሰዋል። ማን እንደሆንሁ፥ ለምን እንደ መጣሁም ነገርኋቸውና 50 ብሩን በሁለት እጄ ሰጠሁ። ለረዥም ጊዜ አዩኝ። «አላስታውስህም ልጄ፤ በዚያን ሰሞን ዕቃ ሊገዛ የመጣው ሁሉ አንድ መልክ ነበረው» አሉኝ። ከዚያም «እግሩንስ አሠራኸው ወይ? ይነቃነቅ ነበር» ብለው ጠየቁኝ። «አሠርቻለሁ እማማ» አልሁ። «ጎሽ» ብለው ብሩን በመቀነታቸው ቋጠሩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ያ 50 ብር ያኛው 50 ብር አልነበረም። ያኛው «ዛሬ» የተባለው ቀን 50 ብር ነው፤ እርሱን ለመመለስ ያችን ቀን መመለስ ያስፈልጋል። ከሰው ችግር ላይ የወሰድነውን ገንዘብ መመለስ ይቻላል፤ ጊዜውን መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ርትዕ የሚሠራው በገበያው ላይ፥ ገንዘቡ በእጅ ሳለ ነው።

ጠረጴዛውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአገሬ ለትምህርት ለመጣ አንድ ልጅ ያለ ዋጋ ሰጠሁት። የሰጠሁትም ከአንድ ቃል ጋር ነው፤ ትምህርቱን ሲጨርስ እርሱም ለሌላ ተማሪ ያለ ዋጋ እንዲሰጠው። መጋረጃው አርጅቶ ተቀደደ፤ ሰዓቱም ቆመ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ባዶ ግድግዳ አያሳፍርም፤ ሳይከፍሉ የተሰቀለ ጌጥ ግን ያሳፍራል። ቤትህን ከመሙላትህ በፊት፥ የምታስገባው ዕቃ ከማን ቤት እንደ ወጣና ለምን እንደ ወጣ ጠይቅ።